ይቅርታን የሚከለክል ውል

ደሴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018

ለወንድሜ ልጅ ለዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ሥራስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። አክስትሽ ነጂባም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ረቡዕ ስትደውዪ ድምፄ ምን ሆኖ ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አይደለም። ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪውን ስንከፍት የደሴውም የኮምቦልቻውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ጠበቀን። መረጃችሁን ሁሉ ቆልፈናል፣ መክፈቻውን በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ግዙን፣ እምቢ ካላችሁ የታካሚዎቻችሁን ስም ከነውጤታቸው ሕዝብ እንዲያየው እናደርጋለን ይላል። የጠራነው የኮምፒውተር ባለሙያ እንዳለው፣ ከዕቃ አቅራቢ የተላከ የሚመስል ኢሜይል አንድ ሰው ከፍቶ ነው የገቡት። ማን እንደከፈተው ለጊዜው ተዪው።

ምርመራ አላቆምንም። ሆስፒታል ሳለሁ ሠላሳ ዓመት በወረቀት ነው የሠራሁት፤ አሁንም መዝገብ ገዝቼ ለመዝጋቢያችን ለነፃነት ሰጥቻታለሁ፣ ስትመዘግብ ትውላለች። የቸገረኝ ቀድሞ የተመረመረው ሰው ነው። ውጤቱ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ሲስተም የለም እንለዋለን፣ ይመለሳል።

አምና መሥሪያ ቤትሽ አዲስ የጀመረውን የሳይበር መድን ግባ ብለሽ ስትወተውቺኝ ስቄብሽ ነበር። ዛሬ አልሳቅሁም። ማክሰኞ ዕለት ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቄአለሁ። ኢሜይሌንም ስልኬንም ማን እንደሚያነበው ስለማላውቅ ይህን በእጄ ጽፌ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ።

አጎትሽ ዘይኑልአቢዲን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤዎ ሰኞ ደርሶኛል። ጉንፋን ነው ሲሉኝም አላመንኩም ነበር።

አስቀድሜ ይህን ልንገርዎ፤ የካሳ ጥያቄዎን እኔ አልይዘውም። የሥጋ ዘመድ መሆናችንን ለአለቃዬ ለአቶ ስለሺ በዕለቱ ነግሬው ፋይሉን ከኔ ወስዶታል። ስለዚህ የምጽፍልዎ እንደ ልጅዎ ነው። ውሉን አንብቤ ማስረዳት ግን ማንም አይከለክለኝም።

ኮምፒውተሮቹን አጥፍተው እንደ አዲስ ለመጫን አስበው ከሆነ፣ አይንኳቸው። ኩባንያው የሚልከው መርማሪ እንዳሉ ማየት አለበት። በየወሩ ወደ ሌላ ዲስክ እየገለበጡ ሎከር ውስጥ ያስቀምጡ የነበረው ቅጂ አሁንም ካለ ከዚያ ይመለሳል፤ የመስከረም መጨረሻው ካለ የጠፋው የአሥር ቀኑ ብቻ ነው ማለት ነው። እንክፈላቸው ወይ ብለው ካሰቡ ደግሞ፣ ኩባንያው አስቀድሞ ከፈቀደ ውሉ እሱንም ይሸፍናል። ነገር ግን ሌቦቹ ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ የያዙትን እንደሚያጠፉ ዋስ የሚሆን ማንም የለም። ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ኢሜይሉን ማን እንደከፈተው አልነገሩኝም። መርማሪው መጠየቁ አይቀርም። ማንም ይሁን ማን አይስጋ። ስሕተት ከሆነ ውሉ ይሸፍናል፤ የማይሸፍነው ስሕተቱን የደበቀን ነው።

አክስቴን ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትያዘው ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዊዳድ


ደሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018

ለልጄ ዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። መርማሪው መጥቶ ሁለት ቀን ቆይቶ ሄዷል። ሰው አክባሪ ነው። ዲስኩን አገኘው፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ሁሉ ተመልሷል። ማን ከፈተው ላለውም መልሱን ሰጥቼው በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

አልከፈልኩም። ሰኞ ስትደውዪ ለምን እንዳልከፈልኩ ጠይቀሽኝ ነበር። ያመለከትኩላቸው ፖሊሶችም አትክፈል ብለውኛል፣ እኔም በአላህ ፊት ምን ብዬ እንደምመልስ አሰብኩ። ነገ የሌላ ሰው ቤት በሚሰብሩበት ገንዘብ ላይ የኔ እጅ እንዲኖርበት አልፈለግኩም። ይህን የምለው ግን ዋጋውን ሌላ ሰው እየከፈለው መሆኑን እያወቅሁ ነው።

እሑድ ዕለት ያሉትን አደረጉ። በቴሌግራም የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስም ከነስልኩና ከነውጤቱ ለቀቁት። አብዛኛው የኮምቦልቻ ነው። በማግስቱ ፖሊሶቹ ቻናሉን አዘጉት፤ ሰው ግን ቀድሞ ወስዶታል። በባጃጅ ስሄድ ሹፌሩ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ የእገሌ ልጅ እኮ እንዲህ ኖሯል ብሎ አወራኝ። ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ።

በዚያው ስልክ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብለሽኝ ነበር። እስካሁን ክስ ይዞ የመጣ የለም።

አሁን ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰው አፉ በሉን፣ ይቅር በሉን ብዬ ልጽፍ አስቤአለሁ። ነፃነት አድራሻ እያወጣች ነው።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ነው ይህን የምጽፈው። እባክዎ የነፃነትን ሥራ ያስቁሙት። አንድም ደብዳቤ እንዳይወጣ።

የውሉን አንቀጽ አሥራ አራት ይመልከቱ። መድን ገቢው፣ ማለትም እርስዎ፣ ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን፣ ይቅርታ መጠየቅ ወይም ካሳ ለመክፈል ቃል መግባት አይችልም ይላል። መኪና ሲጋጭ ሹፌሩ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ እንዳይፈርም እንደሚባለው ማለት ነው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ቢከስዎ ጠበቃ የሚያቆመው ኩባንያው ነው፣ ቢፈረድብዎትም የሚከፍለው ኩባንያው ነው። በገዛ ጽሑፍዎ ጥፋቱ የኔ ነው ካሉ ግን ጠበቃው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም፤ ኩባንያውም ከዚያ ክፍል እጁን ያወጣል።

ታካሚዎቹ መረጃቸው መውጣቱን ማወቃቸው ግድ ነው፤ ሕጉም ያዛል። የሚነገራቸውን ግን የኩባንያው ጠበቃ ይጽፈዋል። አጭር ነው የሚሆነው። አንድ ችግር አጋጥሟል፣ እየተጣራ ነው የሚል።

አጎቴ፣ ክስ የያዘ አልመጣም ነው ያሉኝ። እኔ የጠየቅሁዎት ግን እሱን አልነበረም።

ዊዳድ


ደሴ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018

ለልጄ ዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። ልክ ነሽ፣ የጠየቅሽውን አልመለስኩም።

ሐዋ ትባላለች። የደጋን ልጅ ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሀፊዝ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ አጭቷት ለኒካሁ ተመርመሩ ተብለው ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እኛ ጋ ደም ሰጠች። ውጤቷ በደረሰ በማግስቱ ነው የተቆለፍነው። ሁለት ጊዜ ከደጋን ኮምቦልቻ መጥታ ሲስተም የለም ብለን መልሰናታል። ሦስተኛ ሳትመጣ የሀፊዝ እኅት ዝርዝሩን በስልኳ አገኘችው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባታል። የልጁ ወገን ያን ዕለት ሽማግሌ ልኮ ኒካሁን አፈረሰ። ልብ በይ፤ እሷ ራሷ ውጤቷን የሰማችው ከሽማግሌዎቹ ነው።

አባቷ ሸረፈዲን ባለፈው ሳምንት ደሴ ድረስ መጣ። ገበሬ ነው፤ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ወንበር ሰጠሁት። “ሐጂ፣ ልጄ ውጤቷን ቀድማ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?” ብሎ ጠየቀኝ። የኩባንያሽ ደብዳቤ ከአንድ ቀን በፊት ደርሶኝ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስለ ጉዳዩ ለማንም ታካሚም ሆነ ቤተሰብ በቃልም በጽሑፍም ማብራሪያ እንዳልሰጥ፣ የሐዘኔታ ቃልም ቢሆን እንዳልናገር ይላል። እኔም ነገሩ እየተጣራ ነው አልኩት።  ሌላ ነገር እንደማልናገር ሲያይ ተነሥቶ ሄደ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ተቀምጬ ውጤት ነግሬአለሁ። ከባዱንም ቀላሉንም። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም።

ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ልብ የለውም። አቶ ስለሺ ነው የፈረመው።

ደግሞ አንቺ ሳታውቂው የቀረ ነገር አለ። ለመርማሪው ነግሬዋለሁ፤ ላንቺ ግን ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ኢሜይሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነፃነት ሁለት ጊዜ አይክፈቱት ብላኝ ነበር።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤውን የፈረመው አቶ ስለሺ ነው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ለእርስዎ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ይህ መድን ሲጀመር ለደንበኛ የሚላኩ ደብዳቤዎችን አርቅቂ ተብዬ ስድስት ዓይነት ጽፌአለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። የሐዘኔታ ቃልም ቢሆን የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። የውጭ ኩባንያዎችን ናሙና አይቼ ጥሩ ጥንቃቄ ነው ብዬ። ያን ጊዜ ደንበኛው ፊት ለፊት ማን ሊቀመጥ እንደሚችል አላሰብኩም። አቶ ስለሺ አመስግኖኝ ነበር።

ይህን ከነገርኩዎ በኋላ ደግሜ የምለምንዎ ነገር የሚከብድ ነው። ግን እለምንዎታለሁ፤ ውሳኔው እስኪሰጥ ይታገሡ። ጥር ውስጥ ያልቃል። እርስዎ ጋ አሥራ አራት ሰው ይሠራል። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሁለቱ ጠበቃ ይዘዋል። ኩባንያው ከኋላዎ ከሌለ የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ አይተርፍም፤ የደሴውም ያሰጋኛል። ሁለት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ቢሉ የሚነካዎት የለም።

ኢሜይሉን ስለ መክፈትዎ አይፈሩ። እኛም ቢሮ አምና ሁለት ሰዎች ከፍተው ነበር። አንዷ እኔ ነኝ።

ልጅዎ


ደሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018

ለልጄ ዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልመናሽን አንብቤአለሁ። ልክ ነሽ፤ አንቺ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ነበር የምመክረው። ግን አልታገሥኩም። ቅዳሜ ደጋን ሄጃለሁ።

እንዴት እንደሆነ ሳላስቀር ልንገርሽ። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ቀየርኩ። ደጋን ስደርስ የሸረፈዲን ቤት ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል አሉኝ። የማሽላ አጨዳ ነው፤ እሱ አውድማ ላይ ነበር። ሲያየኝ ሥራውን አላቆመም። ሰላምታዬን መለሰ፣ ከዚያ ጆንያ አነጠፈልኝ።

ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። “ሸረፈዲን፣ የልጅህ ውጤት የወጣው ከኔ ቤት ነው። ለሌቦቹ በሩን የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ፤ አትክፈት የተባልኩትን ኢሜይል ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ መጥታ ባዶ እጇን የመለስናትም እኛ ነን። ልጅህ ውጤቷን አታውቅም ነበር። አልነገርናትም። አፉ በሉኝ ልል ነው የመጣሁት።”

መንሹን መሬት ላይ አስቀመጠ።  ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ።

“ሐጂ፣ ያን ቀን ደሴ መጥቼ የጠየቅኋችሁ እኮ ይህንን ብቻ ነበር። ዝም ስትሉኝ ታውቅ ኖሯል፣ ደብቃን ነው ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ልጄን አላናገርኳትም። በአንድ ማዕድ አልቀረብኩም። አንድ ወር ሊሆነኝ ነው።”

ዊዳድ፣ እኔ ዝም ያልኩት ኒካሁ ከፈረሰ በኋላ ስለሆነ ከዚህ በላይ የሚጎዳ ነገር የለም ብዬ ነበር። ለካ የኔ ዝምታ ለብቻው ሌላ ነገር ሲያፈርስ ከርሟል።

ልጅቷን ሰው ልኮ አላስጠራትም፤ ራሱ ሄዶ አመጣት። ሁለቱ ቤት ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይተው ነው የወጡት። እሷ ፊቷን ታጥባ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆማ ለአባቷ ያልኩትን ለራሷም ደግሜ አልኳት። አባቷ፣ “እኔ አፉ ብያለሁ፤ ለአላህ ብዬ” አለ።

እሷ ግን፣ “እኔ ገና ነኝ” አለች። በቁጣ አይደለም። “አሁን አፉ ብያለሁ ብል ከአፌ ብቻ ነው የሚሆነው።” ከዚያ ውጤቱ ራሱ ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አየሽ፣ ከዚያ በፊት ይህን የሚመልስላት ሰው አላገኘችም። አገር ሁሉ የበሽታዋን ስም ያውቃል፤ ምን ማለት እንደሆነ የነገራት የለም። አንድ ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ድጋሚ ደም መስጠት እንዳለባት፣ ቫይረሱን ይዘው ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ መሆናቸውን፣ ቤተሰቡ ተመርምሮ ነፃ የሆነው ክትባት መውሰድ እንደሚችል ነገርኳት። የሚያገባ ሰውም እንደዚሁ። ይህን ስል አባቷ መሬት መሬት አየ። ኒካሁን ያፈረሱት ይህን እንኳን ሳይጠይቁ ነው።

ስመለስ ከአዲሱ ማሽላ ካልያዛችሁ አሉኝ፤ ያዝኩ።

ዛሬ ለአቶ ስለሺ ያደረግሁትን ሁሉ ጽፌ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልኬአለሁ። አንቺ ምንም እንዳትደብቂልኝ። ቢጠይቁሽ የምታውቂውን ንገሪያቸው።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ውሳኔው በኩባንያው ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ከኔ ቀድመው ቢሰሙት ብዬ ነው።

ሲስተሙን ለማስመለስ ለባለሙያ የወጣውንና ሥራ የቆመበትን ኩባንያው ይከፍላል። ታካሚዎች የሚያነሡትን የካሳ ጥያቄ ግን፣ የተነሣውንም ወደፊት የሚነሣውንም፣ አይሸፍንም። ምክንያቱ አንቀጽ አሥራ አራት ነው። ደጋን ሄደው የተናገሩትን እርስዎ ራስዎ ስለጻፉ የሚከራከሩበት መንገድ የለም። ፋይሉን ብይዘውም ኖሮ ከዚህ የተለየ መወሰን አልችልም ነበር። ይህን በግልጽ ልነግርዎ ይገባል።

አቶ ስለሺ ጠርቶ አንቺ ነሽ ሂድ ያልሽው ወይ አለኝ። ይታገሡ ነው ያልኩት አልኩት። ደብዳቤዎችዎን ልያቸው ሲለኝ ሰጠሁት። የደጋኑን ሁለት ጊዜ አነበበው። መልሶም ሰጠኝ።

አራተኛውን ደብዳቤ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ታካሚ የገዛ ራሱን ውጤት ሲጠይቅ መልስ መስጠት ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ። የሕግ ክፍል ይመልከተው ተብሏል። እንዳይረሳ በየሳምንቱ እጠይቃለሁ።

አጎቴ፣ ያን ቀን ዝም ያሰኘዎት የኔ ጽሑፍ ነው። ለሸረፈዲንም ለሐዋም አፉ በሉኝ ማለት ያለብኝ እኔም ነኝ። ለእርስዎም።

ዊዳድ


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 2018

ለልጄ ለዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንግዲህ ረመዷን ሊገባ ነው፤ ለጾሙ እዚህ መጥተሽ ጥቂት ቀን ብታሳልፊ ነጂባ ደስ ይላታል።

አንቺን እኔ አፉ ብያለሁ፤ ከዚያ በፊትም የያዝኩብሽ ነገር አልነበረም። ልብ የለውም ያልኩትን ቃል አንሥቼዋለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ ስለ ሥራው ጠይቀሽኝ ነበር። የኮምቦልቻውን ቅርንጫፍ ዘግተናል። እዚያ ከነበሩት አምስት ሠራተኞች ሦስቱ ደሴ ተዛውረዋል፤ ሁለቱን ግን አሰናብቻለሁ፣ አሁንም ይከነክነኛል። ጠበቃ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ በሽማግሌ ተስማምቷል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ መብቱ ነው፣ ቀጠሮ ሲሆን እሄዳለሁ። ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ደብዳቤ ልከናል፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ዘጠና የሚሆኑት መጥተው ያልተሰጣቸውን ውጤት ወስደዋል። ሁለት ሰዎች ሰድበውኛል።

ስለ ሐዋም ጠይቀሻል። ሀፊዝ አልተመለሰም፣ እሷም አልላከችበትም። ባለፈው ሳምንት ከእናቷና ከአባቷ ጋር መጣች። ወላጆቿን ነፃነት መዘገበቻቸው። ሐዋ ተራዋ ሲደርስ ደም መቅጃው ክፍል አልገባችም፤ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች።

“እርስዎ ይቅዱኝ” አለች።

ደም ከቀዳሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አይደለም፣ ወጣቶቹ ይሻሉሻል አልኳት። አልተንቀሳቀሰችም። ታጠብኩ፣ ጓንት አደረግሁ። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ደም ሥሯን በጣቴ ፈለግኩ። መርፌው በመጀመሪያው ገባ።

የነጂባን ሰላምታ ተቀበዪ።

ውጤቷን ትናንት ብቻዋን መጥታ፣ በር ዘግተን፣ ነገርኳት። ምን ሆነ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። እሱን ላንቺም አልጽፍልሽም።

አጎትሽ ዘይኑልአቢዲን